መስፈርት ቁጥር ስድስት

ምላሴ ስለታም ነው። ሰፈሩ «መርፌ» የሚለኝ የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆንኩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ምላሴ ስንቱን ነዝናዛ ደንበኛ አባርሬያለሁ፤ ስንቱን ተጣይ አስታርቄያለሁ። አንድ ቀን ግን፣ አፌን በቆረጠው፣ በአንዲት ቃል የምወደውን ሰው ሕይወት መሃል ለመሃል ቆረጥኩት። ያውም ላድነው ብዬ! ሃያ አንድ ዓመት ለማንም ሳልተነፍስ ኖርኩ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ያቺ ቃል በሱቄ በር ተመልሳ ገባች።

መጀመሪያ የድሮውን ላውራችሁ፤ ያለዚያ የማክሰኞው አይገባችሁም።

አባባ የፖሊስ ደንብ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከተራው ፖሊስ እስከ አዛዡ ድረስ በሜትራቸው ያላለፈ ትከሻ አልነበረም። ኮሌታው ላይ አንዲት ክር ካፈነገጠች ልብሱን እንዳለ ይተረትሩታል። «ይኼ ጨርቅ መሰለሽ? ይኼ የሰው ክብር ነው» ይሉኛል፣ መርፌውን በከንፈራቸው እንደያዙ። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ያደግኩትም እዚያው ስፌት መኪናው ሥር ነው።

ከመንገዱ ማዶ ላውንደሪ ቤት ነበር። ወላጅ የሌላቸው እህትና ወንድም ይሠሩበታል፤ እህት ታጥባለች፣ ወንድም ይተኩሳል። ወንድምየውን ሰፈሩ «ካውያ» ይለዋል። አባባ ይሰፋሉ፣ ካውያ ይተኩሳል፣ ሌላ ሰው ይለብሳል። እኔ ደግሞ ልብሱን ይዤ መንገዱን እሻገራለሁ፤ በቀን ስንቴ እንደምሻገር የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ሱቃችን ውስጥ ደንበኛ ልብሱን ለክቶ ራሱን የሚያይበት ትልቅ መስታወት አለ። ዛሬም አለ፤ አንድ ጥጉ ተሸርፏል እንጂ። እኔ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ቁልፍ ስተክል አባባ «ልጄ ጨዋ ናት፣ ወደ ውጭ አታይም» እያሉ ይኮራሉ። ኧረ ወዲያ! መስታወቱ ውስጥ ማዶው ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። ካውያ ከእንፋሎቱ ውስጥ ቀና ሲል ዓይናችን መስታወቱ ላይ ይገጥማል። እጄን መርፌ ይወጋኛል፤ እኔ ግን አይሰማኝም።

ደብዳቤ የሚልክልኝ በፖሊስ ኮት ደረት ኪስ ነበር። ተተኩሶ የመጣውን ስቀበል ኪሱን እፈትሻለሁ፤ አራት ታጥፋ የልብስ መቀበያ ደረሰኝ የምታህል ወረቀት አገኛለሁ። «ዛሬ ስትስቂ ሸሚዝ አቃጠልኩ» ይላል አንዱ። ሌላው ላይ «ነገ ዝናብ ቢዘንብም ተሻገሪ» የሚል ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሦስት ኮት ባንዴ መጣና እኔ ሁለቱን ብቻ ፈተሽኩ። ሦስተኛውን አንድ ሻምበል ለብሶት ሄደ። በማግስቱ የሻምበሉ ሚስት ወረቀት እያውለበለበች ሱቃችን ገባች።

«‹በሰማያዊው ሹራብ እንዴት እንዳማረብሽ› ይላል! እኔ ሰማያዊ ሹራብ የለኝም! ማናት? እናንተ ጋ ነው ልብሱ የሚውለው፣ ማናት?»

አባባ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና አዩኝ። የለበስኩት ሰማያዊ ሹራብ ነበር።

ያን ዕለት አባባ መንገዱን ራሳቸው ተሻገሩ። እኔ በመስታወቱ አያለሁ፤ ድምፃቸው ግን እስከዚህ ይሰማል። «ስማ አንተ ልጅ። ይህን ልብስ ትተኩሰዋለህ እንጂ አትለብሰውም። እኔ ልጄን የምድራት ለሚለብሰው ነው።» ካውያ ቀና ሳይል መተኮሱን ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ኮት መጣ፤ ኪሱ ባዶ ነው። ተስፋ ቆርጬ እጅጌውን ስገለብጥ ገበሩ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ወረቀት አገኘሁ። «ልለብሰው ነው» ትላለች። ወረቀቷን ደረቴ ላይ ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የምልመላው ማስታወቂያ የወጣው በዚያው ወር ነበር። ካውያ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አነበበና ማሟላት ያለበትን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ገልብጦ መጣ። ዕድሜ ሃያ አምስት ያልሞላ፤ እሱ ሃያ አምስት ሊሞላው አራት ወር ቀርቶታል፣ ስለዚህ ዘንድሮ ወይም መቼም። ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ፤ በማታ ተምሮ ጨርሷል። ቁመት ከአንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት ያላነሰ። ጤና የተሟላ። ከወንጀል ነፃ። አምስት ነገር ነው የጻፈው። ስድስተኛም ነበረ፤ እሱን አልጻፈውም። ያሟላውን ነገር ምን ብሎ ይጽፈዋል?

ቁመቱን የለካሁት እኔ ነኝ። ላውንደሪ ቤቱ ጓዳ፣ በር መቃን ላይ አቁሜው በአባባ ሜትር። አንድ ሜትር ከስድሳ ዘጠኝ።

«ፀጉርህን ነው የለካሁት መሰለኝ» አልኩት።

«ፀጉሬም የመንግሥት ይሆናል፣ ለኪው።»

«ክንድህ ላይ ያለው የካውያ ጠባሳስ? ሐኪሙ ቢያየው?»

«የሥራ ነው እለዋለሁ። መርፌ፣ ካለፍኩ ሥልጠናው ዘጠኝ ወር ነው። ትጠብቂኛለሽ?»

«ዘጠኝ ወር? እናቴም የጠበቀችኝ ያን ያህል ነው» አልኩት። ሳቀ። ሳቁ እስካሁን በጆሮዬ አለ።

ጽሑፉን አለፈ። ሩጫውን አለፈ፤ በየማለዳው በጫማ ማሰሪያ የተጠገነ ሸራ ጫማ አድርጎ ሲሮጥ ሰፈሩ ሁሉ «በርታ ካውያ!» ይለው ነበር። ሐኪሙም ጠባሳውን አይቶ «የሠራ ሰው ክንድ ነው» ብሎ ፈረመለት። የቀረው የጠባይ ማጣራት ብቻ ሆነ። አንድ መርማሪ በሲቪል ልብስ ሰፈር መጥቶ ጎረቤት ይጠይቃል፤ መቼ እንደሚመጣ፣ ማንን እንደሚጠይቅ አይነገርም።

አንድ ሐሙስ ቀን ጎልማሳ ሰው ሱሪ ለማሳጠር ብሎ ገባ። ሱሪውን ዘርግቼ አየሁት፤ ለቁመቱ ልክክ ያለ ነው። የሰፊ ልጅ ነኝና ያኔውኑ ገባኝ፣ መርማሪው እሱ ነው። ሰውዬው ወደ አባባ ጠጋ ብሎ «አባት፣ ማዶ ያለው የላውንደሪው ልጅ እንዴት ያለ ሰው ነው?» አለ።

አባባ ከስፌቱ ቀና አላሉም። «እኔ እንጃ። ሥራው የሰው ሴት ልጅ ማየት ነው። በየሰው ኪስ የፍቅር ደብዳቤ የሚከት፣ ሴት የሚያሳድድ ልጅ ነው።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አወጣ። አለቀለት አልኩ። ሴት አሳዳጅ ተብሎ ከተጻፈ በቃ፣ ካውያ አለቀለት! ዓይኔ ደም ለበሰ። በእኛ ሰፈር አንድን ወንድ «ባለትዳር ነው» ከማለት የበለጠ ምስክርነት የለም፤ ቤት የሚከራየው ለባለትዳር ነው፣ አደራ የሚሰጠው ለባለትዳር ነው፣ ጠብ የሚያስታርቀው ባለትዳር ነው። እኔም የማውቀውን ትልቁን ምስክርነት ሰጠሁ።

«ውሸት ነው!» ብዬ ተነሳሁ። «ማንንም አያሳድድም። ደብዳቤ የሚጽፈው ለሚስቱ ነው። እኔ ነኝ ሚስቱ። ባሌ ነው! ከአባባ ተደብቀን ተጋብተናል።»

የአባባ ስፌት መኪና ቀጥ አለ። ሰውዬው አየኝና ያዘነ በሚመስል ድምፅ «እርግጠኛ ነሽ እህቴ? እንዲህ ከሆነ በጽሑፍ ነው የምቀበለው» አለ። ወረቀቱን አውጥቶ ጻፈ። ፈረምኩ። እንዴት ያለ ፊርማ መሰላችሁ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል ፊርማ! ሲወጣ ሱሪውን ረስቶት ሄደ።

«እውነት ነው?» አሉ አባባ።

«አይደለም። ስሙን ሲያጠፉት ምን ላድርግ?»

አባባ አልተቆጡም። ቁጣቸውን ጠብቄ ነበር፤ ወደ ስፌታቸው ሲመለሱ የበለጠ ፈራሁ።

በሳምንቱ ዓርብ ያለፉት ሰዎች ዝርዝር ተለጠፈ። ሁለቴ፣ ሦስቴ አነበብኩት፤ ካውያ የለም። መስኮቱ ጋ ሄጄ ጸሐፊውን ጠየቅኩት። መዝገቡን ገልጦ «እሱማ ባለትዳር ሆኖ ሳለ ያላገባ ብሎ ሞልቷል» አለኝ። «መስፈርት ቁጥር ስድስት፦ ሥልጠናውን እስኪያጠናቅቅ ያላገባ። ማስታወቂያው ላይ አለ እኮ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ውሸቴን ነው!» አልኩት። «ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አላገባንም! ሰርዙልኝ!»

ጸሐፊው መነጽሩን ዝቅ አደረገ። «ቀስ በይ እህቴ፣ ግድግዳ ጆሮ አለው። በፊርማዬ የሐሰት ቃል ሰጥቻለሁ ካልሽ ተከሰሽ ትታሰሪያለሽ። ሥልጠናው የሚጀምረው ማክሰኞ ነው። በደንብ አስቢበትና ሰኞ ነይ።»

ሰኞ አልሄድኩም። ይኸው፣ ተናገርኩት። ሰፈሩን በምላሷ የምታንቀጠቅጠው መርፌ እስር ቤት ፈራች። ከዚያ ወዲህ ደፋር ናት ሲሉኝ ሆዴ ያውቀዋል።

ግን ከሰኞ በፊት ያ ዓርብ ከሰዓት አለ። ካውያ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ፊቱን በመስታወቱ አየሁትና ሮጬ ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ገባሁ። ሱቁ መሃል ቆመ።

«ጋሼ፣» አለ፣ «ስለ እኔ ቃል የሰጠው ማነው?»

እወጣለሁ፣ አሁን እወጣለሁ እያልኩ መጋረጃውን ጨበጥኩ። አልወጣሁም። አባባ ወደ መጋረጃው አዩ፤ በቀዳዳው አየኋቸው፣ እርጅና ያን ቀን ነው የገባባቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ካውያ ብዙ ቆመ። ምን እንደሚጠብቅ አልገባኝም ነበር። ከዚያ «እሺ ጋሼ፣ ፈጣሪ ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። አባባ እስኪሞቱ ድረስ ያን ቀን አላነሱብኝም። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ልብስ ሌላ ላውንደሪ አልላኩም፤ የሰፉትን ራሳቸው ይተኩሱ ነበር፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው።

እሁድ ዕለት እህቱ ደብዳቤ አመጣችልኝ። «መርፌ፣ አባትሽን ይቅር ብያቸዋለሁ በይልኝ። ወደ ሌላ ከተማ ሄጃለሁ። ደህና ሁኚ።» ይኸው ነው። እህቱም በዓመቱ ላውንደሪውን ዘግታ ተከተለችው። እኔ በእሱ እጅ የተጻፈውን «አባትሽን» የሚለውን ቃል ባነበብኩ ቁጥር አባባን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በእኔ ኃጢአት የተሰደቡ መሰለኝ።

ጠያቂ መጣ። ባለማዕረግም መጣ፣ ለብሶት! አባባ ግን አንድም ቀን «አግቢ» አላሉኝም። ለሚነዘንዙኝ ሴቶች ሁሉ «ባል አለኝ ብዬ ለፖሊስ ፈርሜያለሁ፣ አሁን ሌላ ባገባ ወንጀል ነው» እላቸው ነበር። ይስቃሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል። አባባ ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆናቸው፤ መስታወቱ ውስጥ አሁን የሚታየኝ የሞባይል ጥገና ሱቅ ነው።

አሁን ማክሰኞ ላይ ደረስን።

ኮሌታ እየገጠምኩ ነበር። መስታወቱ ውስጥ አንድ ሰው መንገዱን ሲሻገር አየሁ፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ አጠገቡ ቀጭን ረጅም ልጅ አለች። አረማመዱን ሳይ መርፌው እጄን ወጋኝ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ መርፌ ወግቶኝ አያውቅም ነበር።

«እንደምን አደርሽ» አለኝ።

«እንደምን አደርክ» አልኩት።

ልጅቷ የእህቱ ልጅ ነበረች። እህቱ ስትሞት የአራት ዓመት ሕፃን ጥላለት፣ ያሳደጋት እሱ ነው። እሱ ሩቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል የላውንደሪ ኃላፊ ሆኗል። ልጅቷ ለፖሊስነት አመልክታ ሁሉን አልፋ የጠባይ ምስክር ብቻ ቀርቷታል። ልጅ ናትና ወሬው አያልቅባትም።

«እትዬ፣ ምስክሩ ቤተሰቤን ከአሥር ዓመት በላይ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። እኛ ደግሞ አሁን ያለንበት ከተማ የገባነው በቅርቡ ነው፤ እዚያ የሚያውቁን ሁሉ አዲስ ሰዎች ናቸው። አጎቴ ‹አንድ ሰው አለች› ብሎ በአውቶቡስ አመጣኝ።» ዝቅ ብላ አክላ «አጎቴ ይገርማል። ለጠየቀው ሁሉ ባለትዳር ነኝ ይላል። ሚስቱን ግን አይተናት አናውቅም» አለችኝና ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። «እዚሁ ጎረቤት ያሉት የፎቶ ቤቱ ሽማግሌ አንተንም እህትህንም ከልጅነታችሁ ጀምሮ ያውቋችኋል» አልኩት። «ለምን ወደ እሳቸው አልሄድክም?»

«አውቃለሁ» አለ።

ልጅቷ ቅጹን ዘረጋችልኝ። ብዕር አነሳሁ። ፖሊስ፣ ምስክር፣ ፊርማ። ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ። «ካውያ፣ ያን ጊዜ አባባ አልነበሩም» አልኩት። «እኔ ነኝ። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ላድንህ ብዬ ነው፣ መስፈርቱን አላወቅኩም። ከዚያ ላስተካክል ብዬ እስር ቤት ፈራሁ። የአባባን ስም አታንሳው፣ ምንም አላደረጉም።»

ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ካውያ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለኝ እንደገና።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ያን ዓርብ ጠዋት፣ ከአንቺ በፊት ገብቼ ነበር። ወረቀቱን አሳዩኝ። ፊርማሽን ከሺ ፊርማ መሃል አውቀዋለሁ። ‹ሐሰት ነው ካልክ አንተ ታልፋለህ፣ እሷ ትከሰሳለች። እውነት ነው ካልክ ትሰረዛለህ› አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ መርፌ? ‹እውነት ነው፣ ሚስቴ ናት› ብዬ ከሥርሽ ፈረምኩ።»

ያኔ ሃያ አምስት ሊሞላው ነበር፤ ሌላ ዓመት አልነበረውም። በየማለዳው የሮጠው፣ በማታ የተማረው፣ ያ ሁሉ። እኔን ውሸታም ከሚያስብል ሁሉንም ትቶት ወጥቷል።

«ከዚያ ሚስቴን ልወስድ መጣሁ» አለ። «ለቁጣ አልነበረም የመጣሁት። ያን ቃል አንዴ ፊቴ ላይ እንድትደግሚልኝ ብቻ ነበር። ጫማሽ ከመጋረጃው ሥር ይታየኝ ነበር። አባትሽ ‹እኔ ነኝ› ሲሉ፣ አሁን ትወጣለች፣ አሁን ትወጣለች እያልኩ ቆምኩ። ስትቀሪ፣ ለካ ወሬ ብቻ ነው ብዬ ሄድኩ።»

«ለምን አልጠራኸኝም? አንዴ መርፌ ብትለኝ!»

«ኮራሁ። ልጅ ነበርኩ። ደብዳቤውን ስጽፍም፣ ‹አባባ አይደሉም› ብለሽ ትመልሺልኛለሽ ብዬ ነው።»

አለቀስኩ። ደንበኛ ቢገባ ግድ አልነበረኝም። ያችን አጭር ደብዳቤ ስንት ጊዜ አነበብኳት፤ መልስ የምትጠብቅ መሆኗን አንድም ቀን አላየሁም። ልጅቷ ተጨንቃ ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እትዬ... ይቅርታ፣ ቢሮው ስድስት ሰዓት ይዘጋል። እዚህ ጋ ነው የሚፈረመው።»

ዓይኔን ጠርጌ ቅጹን አነበብኩት። በዚህ ዕድሜዬ የፖሊስ ወረቀት ሳላነብ አልፈርምም። ተራ በተራ አነበብኩና አንዱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ድጋሚ አነበብኩት። ብዕሩን አስቀመጥኩ።

«ይህን መፈረም አልችልም» አልኩ።

ካውያ አንገቱን ደፋ። ልጅቷ «ለምን እትዬ?» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ደንቡ ይከለክላል የኔ ልጅ። ‹ምስክሩ የአመልካች የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመድ መሆን የለበትም› ይላል። እኔ ዘመድሽ ነኝ።»

«በማን በኩል?»

ዞርኩ። በመስታወቱ አይደለም፣ ፊት ለፊት አየሁት። ከመጋረጃው ለመውጣት ሃያ አንድ ዓመት የፈጀብኝን ያን ሦስት እርምጃ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«በአጎትሽ በኩል» አልኩ። «ባሌ ነው።»

ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ቆይታ፣ ከሁሉም በፊት የራሷን ጉዳይ የማትረሳ ብልህ ናትና፣ «ታዲያ ማን ይፈርምልኛል?» አለች።

«የፎቶ ቤቱ ሽማግሌ። ወጥተሽ በስተቀኝ፣ ሦስተኛው በር። ሲናገሩ ቀስ ይላሉ፤ አታቻኩያቸው።»

ቅጹን ይዛ ወጣች። ካውያ ከወንበሩ አልተነሳም። ያ ጠባሳ ያለበት ክንዱ ጉልበቱ ላይ ነው፤ እጄን አስቀመጥኩበት።

«ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩለት።